እሳቱ ከቤቱ ሲወጣ፦ በጎቲንገን ጋራዥ የተሠራው ጄት ሞተር

የከባድ መኪና ተርቦ፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚጨምቀው ዕቃ፣ ከሞተሩ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ይመስላል። አንደኛው ቀለል ያለ አሉሚኒየም ነው። ሌላኛው የጠቆረ ከባድ ብረት ነው፤ እድሜ ልኩን ትኩስ ጭስ ሲጠጣ የኖረ። በአሉሚኒየሙ በኩል ጣታችሁን ሰዳችሁ ባለ ክንፉን መዘውር ገፋ ስታደርጉት፣ በዚያኛው በኩል ያለውም አብሮ ይዞራል። ሁለቱ በአንድ ሻፍት ታስረዋል። ሻፍቱን በጣት ያዝ አድርጋችሁ ብታነቃንቁት ትንሽ ይላወሳል። ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዘይት ሲገባበት በዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው፤ ክፍተቱ የተተወው ለዚያ ነው።

ይህን ዕቃ አይቶ ጄት ሞተር የሚታየው ሰው ሞኝ አይደለም። አየር የሚጨምቅ መዘውር አለ፤ ኮምፕረሰር ይባላል። በትኩስ ጋዝ የሚዞር መዘውር አለ፤ ተርባይን ይባላል። በመሃል የጎደለው እሳቱ ብቻ ነው። መኪናው ላይ ሳለ እሳቱን የሚያቀርብለት ሞተሩ ነበር። አሁን ሞተሩ በነበረበት ቦታ አንድ ወፍራም ቧንቧ እናስገባ። የተጨመቀው አየር ወደ ቧንቧው ይግባ፣ ውስጡ ጋዝ ይንደድ፣ ትኩሱ ወደ ተርባይኑ ይሂድ። ሐሳቡ ይኸው ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች በጋራዣቸው ሠርተውታል።

ግን ያ በመሃል የጎደለው እሳት ነው ጉዳዩ ሁሉ። ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ከተርቦ አልተሠራም። ቅርጹ ግን የተርቦ ቅርጽ ነው፣ የተሠራውም መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ያጋጠመውም ዛሬ ተርቦ ይዞ የሚነሳ ሰው የሚያጋጥመው ነገር ነው።

ነገሩ የሆነው ጀርመን አገር፣ ጎቲንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሃንስ ፎን ኦሃይን በ1911 የተወለደ የፊዚክስ ተማሪ ነበር። በ1933 ገደማ በአውሮፕላን ሲሄድ የፒስተን ሞተሮቹ ጩኸትና ንዝረት አስጠላው። ፒስተን ሞተር ሥራውን በየተራ ነው የሚሠራው፤ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። ኦሃይን እነዚህ አራቱ በየቦታቸው፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጡ ቢሆኑስ ብሎ አሰበ። አየሩ በፊት ይገባል፣ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ ያልፋል፣ በኋላ ይወጣል።

ሒሳቡን ሠራ። ሒሳቡ ያስኬዳል። የሚሠራለት ሰው ግን አልነበረውም። ፊዚክስ ያጠና ልጅ ላሜራ አይቆርጥም፣ አይበይድም።

ኦሃይን መኪና ነበረው። መኪናውን የሚያሠራው ባርተልስና ቤከር በሚባል የጎቲንገን ጋራዥ ነበር። እዚያ ማክስ ሃን የሚባል መካኒክ አለ። ኦሃይን ስዕሉን ይዞለት ሄደ። ሃን አየው፣ ጠየቀው፣ ከዚያም በጋራዡ መሣሪያ ሊሠራ እንዲችል አድርጎ አቃለለው። ወጪው 1000 ማርክ ገደማ ይሆናል አለው። ኦሃይን ገንዘቡን ከራሱ ኪስ አወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ኦሃይን «ሠራ» ይባላል። ኦሃይን አሰበ፣ አሰላ፣ ከፈለ። የሠራው ሃን ነው። ስዕልን ወደ ብረት መመለስ ራሱን የቻለ ማሰብ ነው። ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ወረቀት ላይ አንድ መስመር የሆነው ነገር እጅ ላይ ሲመጣ የት ይበየዳል፣ በየት በኩል ይፈታል፣ ሲግል ወዴት ይለጠጣል የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለዚያ ሁሉ መልስ የሰጠው መካኒኩ ነው።

ሥራው በ1935 ተጀመረ። ያወጡት ዕቃ ከላሜራ የተሠራ፣ አንድ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ግን አጭር ነገር ነበር። ትልቅ ከበሮ በጎኑ እንደቆመ አስቡት። ውስጡ በአንድ ወገን አየር ወደ ዳር የሚወረውር ኮምፕረሰር አለ፣ በጀርባው ደግሞ ከዳር ወደ መሃል በሚገባ ትኩስ ጋዝ የሚዞር ተርባይን አለ። ጀርባ ለጀርባ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ተርቦ ጋር ዘመድ ነው።

የኦሃይን አለቃ ፕሮፌሰር ሮበርት ፖል ነበሩ። ሥራው የእሳቸው ሙያ አልነበረም፤ ሆኖም ሒሳቡን አይተው ትክክል ነው ብለው ደገፉት።

ሙከራው ደረሰ። ዕቃውን በኤሌክትሪክ ሞተር ማዞር ጀመሩ። ቤንዚን ተለቀቀ፣ ተለኮሰ። ነበልባሉ በሞተሩ ውስጥ መንደድ ሲገባው ተርባይኑን አልፎ በጭስ ማውጫው በኩል ወጣ። ብርቱካናማ ረጅም ምላስ። ብረቱ ከመጠን በላይ ጋለ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሸክም ቀለል ማለቱ ታይቷል፤ ተርባይኑ ትንሽ እያገዘ ነበር ማለት ነው። ሞተሩን ሲያቆሙት ግን ዕቃው በራሱ መዞር አልቻለም። እሳት አለ፣ ጩኸት አለ፣ ሞተር የለም።

ምን ሆነ?

ፋኖስ ለኩሳችሁ በረንዳ ላይ ብታወጡት አይጠፋም። መስታወቱን አንሱትና እዩ፤ አንድ ሽው ያለ ነፋስ ይበቃዋል። ነበልባል በአየር ውስጥ የሚጓዝበት የራሱ ፍጥነት አለው። የቤንዚን ወይም የነጭ ጋዝ ነበልባል፣ አየሩ ጸጥ ካለ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሕፃን ከሚድኸው ብዙም አይበልጥም። በጄት ሞተር ውስጥ ያለው አየር ግን በሰከንድ በአሥሮች ሜትር ነው የሚጋልበው። ነበልባሉ ወደ ፊት ልሂድ ቢል አየሩ ወደ ኋላ ይጠርገዋል። ከሰል ስናራግብ ቀስ ብለን ከሆነ ይቀላል፤ በኃይል ከሆነ አመዱም ፍንጣሪውም ይበተናል። ያው ነው።

ሌላም አለ። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይነድም። መጀመሪያ መትነን አለበት፣ ከዚያ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ከበሮ ውስጥ አየሩ የሚቆየው ግን ከሰከንድ ጥቂት ሺኛ ነው። ቤንዚኑ ተንኖ፣ ተቀላቅሎ ለመንደድ ሲዘጋጅ ተርባይኑን አልፎ ደጅ ወጥቷል። ደጅ ላይ ይነዳል። ለዓይን ያምራል። ለተርባይኑ ግን ምንም አልደረሰውም።

ለተርባይኑ ካልደረሰው ደግሞ ሁሉም ይቆማል። በጄት ሞተር ውስጥ ተርባይኑ የሚሰጠው ጉልበት የሚሄደው ኮምፕረሰሩን ለማዞር ነው። ግፊት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ተርባይኑ ኮምፕረሰሩን መመገብ ካቃተው የሚተርፍ ቀርቶ የሚበቃ የለም። የጋዝ ተርባይን ታሪክ ለረጅም ጊዜ የዚህ ታሪክ ነበር። ኖርዌጂያዊው ኤጊዲየስ ኤሊንግ በ1903 የራሱን ኮምፕረሰር አዙሮ 11 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚያተርፍ ተርባይን ሲሠራ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። 11 የፈረስ ጉልበት ዛሬ ለአንድ ሞተር ሳይክል ነው። የዚያን ጊዜ ግን ትርፍ መገኘቱ ራሱ ድል ነበር።

ተርቦ ይዘው የሚነሱ ሰዎችም እዚሁ ግድግዳ ላይ ነው የሚጋጩት። የተርቦው መዘውሮች በፋብሪካ የተሠሩ፣ በጥንቃቄ ሚዛን የተያዘላቸው ናቸው። ያ ችግር ተፈትቶ ነው የሚገዛው። ያልተፈታው ቧንቧው ነው። ቧንቧ ቆርጦ፣ በይዶ፣ የቡታ ጋዝ መስመር አስገብቶ፣ በንፋስ መንፊያ አስነስቶ የሚለኩስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎቲንገን ላይ የታየውን ነው። ከጭስ ማውጫው ረጅም ነበልባል ይወጣል። ሰው ያጨበጭባል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። እኔ ያንን ሳይ የማየው እሳቱ ቤቱን ለቅቆ መውጣቱን ነው። በደንብ የሚሠራ ሞተር ከኋላው ነበልባል አያሳይም። ከኋላው የሚወጣው አየሩን የሚያንቀጠቅጥ ሙቀት ብቻ ነው።

መፍትሔው የፋኖሱ ነው። በወፍራሙ ቧንቧ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ይገባል፤ ገላው ሁሉ በቀዳዳ የተወጋ። አየሩ በሁለቱ መሃል ይመጣና በቀዳዳዎቹ እየተከፋፈለ ይገባል። ፊት ያሉት ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፤ ለነበልባሉ የሚበቃውን ብቻ ያስገባሉ፤ አየሩም እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ጥቅልል ውስጥ እሳቱ መጠለያ ያገኛል። መሃል ላይ ያሉት ማቃጠሉን ይጨርሳሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ደግሞ እሳት አይሹም፤ ማብረጃ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ሰው ግራ ነው፤ ስንት ተደክሞ የተለኮሰን እሳት ማብረድ ምን ይባላል? ቁጥሩን እንየው። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በክብደት 15 እጥፍ ያህል አየር ይበቃዋል። እንዲያ ሲነድ ሙቀቱ ወደ 2000 ዲግሪ ይጠጋል። የናፍጣ መኪና ተርቦ ተርባይን ግን ሳይጎዳ በቋሚነት የሚችለው 700 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሚገባው አየር አብዛኛው እንዲነድ ሳይሆን እንዲያቀዘቅዝ ነው የሚገባው። ቀዳዳው ቢያንስ ተርባይኑ ይቀልጣል። ፊት ላይ ቢበዛ ነበልባሉ ይጠፋል። የቀዳዳው መጠንና ቦታ ነው ሞተሩ።

ወደ ጎቲንገን እንመለስ። ፕሮፌሰር ፖል ተማሪያቸው በግል ገንዘቡ እንዲህ መቀጠል እንደማይችል አዩ። ወደ የትኛው ፋብሪካ ልጻፍልህ አሉት። ኦሃይን የመረጠው ኤርንስት ሃይንከልን ነው። ምርጫው ብልህነት ነበረበት። ሃይንከል የአውሮፕላን ሠሪ እንጂ የሞተር ሠሪ አልነበረም። ሞተር ሠሪዎች በፒስተን ነው የሚኖሩት። ሃይንከል የሚወደው ፍጥነትን ነው።

በ1936 መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው ደረሰ። የሃይንከል መሐንዲሶች ኦሃይንን በጥያቄ አፋጠጡት። እሱም የጋራዡ ሞተር በራሱ እንዳልዞረ አልሸሸገም። በሚያዝያ 1936 ሥራ ተሰጠው። ማክስ ሃንንም ይዞ ሄደ። ሮስቶክ አጠገብ፣ ማሪየንኤሄ አየር ማረፊያ ዳር ቦታ ተሰጣቸው።

አሁን የሚያስደንቀኝ ውሳኔ መጣ። ኦሃይን የእሳቱን ቤት በትክክል ለመሥራት ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ ገብቶታል። ሃይንከል ደግሞ ትዕግሥተኛ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ችግሩን ለጊዜው ዞሮት ሄደ። የመጀመሪያው ሞተር በቤንዚን ሳይሆን በሃይድሮጅን ጋዝ እንዲሠራ አደረገ። ሃይድሮጅን መትነን አያስፈልገውም፤ ጋዝ ነው። ነበልባሉም ከቤንዚን ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ነፋሱን ይቋቋማል። በጎን ደግሞ የፈሳሽ ነዳጁን እሳት ቤት ለብቻው ማጥናት ተጀመረ። ማጭበርበር የሚመስለው ካለ አይደለም። መዘውሮቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ከእሳቱ ጥያቄ ነጥሎ መመለስ ነው። ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን በአንድ ላይ ከመፈተን አንዱን ማሰር።

ያ ሞተር ሄ.ኤስ.1 ተባለ። በ1937 ተነሳ። በደቂቃ 10,000 ዙር እየዞረ ከ110 ኪሎ በላይ ገፋ። በራሱ ዞረ። የሃይድሮጅኑ ሙቀት ብረቱን እየበላው ነበር፤ ግን ዞረ። ሃይንከል ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ፍራንክ ዊትልም የራሱን ሞተር አስነስቷል። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። ዊትል ፓተንቱን በ1930 አስገብቶ፣ በ1935 ማደሻውን 5 ፓውንድ መክፈል ሳይችል ቀርቶ አምልጦታል። ታሪኩ ረጅም ነው፤ እኔ የምፈልገው አንዱን ቀን ብቻ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1937 ራግቢ በምትባል ከተማ ሞተሩ ሲነሳ ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ መጨመር ጀመረ። ዊትል የነዳጁን መቆጣጠሪያ ዘጋ። ሞተሩ አልሰማም። መጨመሩን ቀጠለ። አጠገቡ የነበሩት ሮጡ። ዊትል ግን ከድንጋጤ የተነሳ ካለበት ሳይነቃነቅ ቀረ። በኋላ እንደታወቀው፣ ከመነሳቱ በፊት የፈሰሰ ነዳጅ በእሳት ቤቱ ወለል ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ሞተሩ ሲጠጣ የነበረው ያንን ነው።

በተርቦ ለሚሠራ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ሳይለኮስ ነዳጅ ከተለቀቀ፣ ቧንቧው ውስጥ ይተኛል። እሳት ሲያገኝ ቧንቧውን የሚዘጋለት ቫልቭ የለም። የዘይት ማገጃው ካረጀም ዘይቱ ራሱ ነዳጅ ይሆናል። የተርቦ ሻፍት በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል። በዚያ ፍጥነት መዘውሩ ቢፈነዳ ስብርባሪው እንደ ጥይት ነው፤ የሚበረውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን፣ መዘውሩ በሚዞርበት መስመር ነው። ሰው ደግሞ የመለኪያ ሰዓት ለማንበብ የሚቆመው ጎን ላይ ነው። ስለዚህ አጥብቄ ነው የምለው፦ ጎኑ ላይ አትቁሙ፣ ሰውም አታስቁሙ። መቆጣጠሪያው ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ይሁን። ሳይለኮስ የቀረ ሙከራ ካለ ነዳጁ ተጠርጎ እስኪወጣ በንፋስ ብቻ ይዙር። ዘይቱ ግፊት ሳይኖረው አንድም ዙር አይዙር። የዘይት ሰዓትና የሙቀት ሰዓት ሳይገጠም እሳት አይለኮስ።

ማሪየንኤሄ ላይ ቀጣዩ ሞተር በፈሳሽ ነዳጅ መሥራት ነበረበት፣ አውሮፕላን ውስጥም መግባት ነበረበት። የእሳቱ ቤት ቦታ ይፈልጋል። ዙሪያውን ቢያደርጉት ሞተሩ ይወፍራል፤ ወፍራም ሞተር ወፍራም አውሮፕላን ይፈልጋል። በመሃል ቢያደርጉት ሻፍቱ ይረዝማል።

መልሱን ያመጣው ሃን ነው። አየርን ወደ ዳር የሚወረውር ኮምፕረሰር አየሩን የሚስበው በመሃሉ በኩል ነው። በዚያ መግቢያ ዙሪያ፣ ከመዘውሩ ፊት ለፊት፣ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ማንም አልተጠቀመበትም። እሳቱን እዚያ እናድርገው አለ። ከኮምፕረሰሩ ዳር የወጣው አየር ወደ ፊት ይሂድ፣ እዚያ ይንደድ፣ ተመልሶ ወደ ተርባይኑ ይምጣ። እንዲህ ሲሆን አየሩ ረጅም መንገድ ያገኛል። እሳቱ ጊዜ ያገኛል። ሞተሩም አይወፍርም፣ ሻፍቱም አይረዝምም። መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ዓይን ነው። ኮፈን ከፍቶ ባዶ ቦታ ሲያይ፣ እዚህ ምን ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዓይን።

ከብዙ ማስተካከያ በኋላ ሄ.ኤስ.3ቢ የተባለው ሞተር 450 ኪሎ ገደማ ገፋ። ሄ 178 የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ገባ። ነሐሴ 27 ቀን 1939 ኤሪክ ቫርዚትስ ከማሪየንኤሄ አስነሳት። ጎማዋ ሳይታጠፍ እንደተዘረጋ ነው የበረረችው። በጄት ሞተር የበረረች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ነች። ከአምስት ቀን በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ።

ተርቦና ጄት ሞተር ዝምድናቸው በቅርጽ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በ1941 የዊትልን ሞተር እንግሊዝ አገር አይተው አገራቸው ለማሠራት ሲፈልጉ ሥራውን የሰጡት ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። ምክንያቱም ኩባንያው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ለአውሮፕላን ሞተሮች ተርቦ ሲሠራ ኖሯል። ትኩስ ጋዝ የሚበላው መዘውር ምን ዓይነት ብረት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ኦሃይን ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከዊትል ጋር ተገናኝተው ወዳጆች ሆኑ፣ በ1991 ድሬፐር የተባለውን የምህንድስና ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ኦሃይን በ1998 ሞተ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ማክስ ሃን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሆኖም በ1941 አሜሪካ ውስጥ ለሃይንከል የተመዘገበ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓተንት አለ። በፈጣሪ ቦታ የተጻፈው ስም የጋራዡ መካኒክ ስም ነው።